መገናኛ ላይ የተሸጠው ‹ፌንደር› እና ጊታር መጫወት የማይችለው ሰውዬ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መገናኛ ድልድዩ ሥር። ጓደኛዬ ሰባት ወር ሙሉ ያጠራቀማት ብር ስልኩ ላይ አለች። ከፊታችን ደግሞ ቴሌግራም ላይ ፎቶውን አይተን የመጣንለት ኤሌክትሪክ ጊታር በጥቁር ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሻጩ ዕቃው ኦሪጅናል የአሜሪካ ፌንደር እንደሆነ፣ ከውጭ የመጣ ዘመዱ ትቶለት እንደሄደ ይምላል። የጊታሩ ጭንቅላት ላይም እውነትም ፌንደር የሚል ጽሑፍ አለ። ዋጋው ግን ግራ ያጋባል። ለእውነተኛ አሜሪካዊ ፌንደር በጣም ትንሽ ነው፤ ለፎርጅድ ደግሞ በጣም ብዙ። (ቁጥሩን አልጽፈውም፤ እናንተ ጋ እስኪደርስ ተቀይሮ ያስቃል።)

ጓደኛዬ የቸኮለው በከንቱ አይደለም። አንድ ትንሽ ባንድ ውስጥ እንዲሞክር ተጠርቷል፤ ግን የራሱን ሊድ ጊታር ይዞ መምጣት አለበት። እስከ ዛሬ የተለማመደው በተውሶ ቦክስ ጊታር ነው። ብሩ ከተበላ ሌላ ሰባት ወር ይጠብቃል፣ ባንዱ ግን አይጠብቅም።

እኔ ጊታር አልጫወትም። ቢሆንም ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ስልኬ ላይ አፍጥጬ የከረምኩት ጭንቅላቱ ላይ ስሙ በተጻፈው ሰውዬ ታሪክ ነበር። እና ነገሩን ልንገራችሁ፦ ርካሽ ጊታር ጥሩ ይሁን አይሁን ለማወቅ ከዚህ ሰው ሕይወት የተሻለ መምህር አላገኘሁም። የሚገርመው ደግሞ ሰውዬው ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ። መቃኘት እንኳን ሰው ይለምን ነበር ይባላል።

ሙሉ ስሙ ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ሊዮ ፌንደር ብሎ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) የተወለደው ነሐሴ 10 ቀን 1909 ነው፤ በኛ ነሐሴ 4 ቀን 1901 መሆኑ ነው፣ ዐፄ ምኒልክ ገና በሕይወት ሳሉ። ቦታው ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ አናሃይምና ፉለርተን በሚባሉ ከተሞች መካከል። ወላጆቹ ብርቱካን የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። በልጅነቱ በሕመም ምክንያት አንድ ዓይኑ ወጥቶ በመስታወት ዓይን ተተካ። ቀሪ ሕይወቱን በአንድ ዓይን ነው የኖረው።

ታሪኩን የቀየረው አጎቱ ነው። ሰውዬው የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነበረው፤ እናም በ1922 ለትንሹ ሊዮ አንድ ሳጥን ሙሉ የተጣለ የኤሌክትሪክና የሬዲዮ ዕቃ ላከለት። በኋላም ልጁ አጎቱን ሊጠይቅ ሄዶ ራሱ አጎቱ የሠራውን ሬዲዮ ድምፅ ሲሰማ በቃ፣ እዚያው ቀረ። ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርስ ቤት ውስጥ የሰፈር ሬዲዮ መጠገን ጀመረ።

ትምህርት ቤት ግን የተማረው ሬዲዮ አይደለም። ፉለርተን ጁኒየር ኮሌጅ ገብቶ የሒሳብ አያያዝ ነው ያጠናው። ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አልተማረም፤ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ፈትቶ በመግጠም ነው። ከዚያ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። በ1934 ኤስተር ክሎስኪን አገባ። ዘመኑ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የምትሰቃይበት ነበር፤ ለካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት ይሠራው የነበረው ሥራ ቀረ፣ ቀጥሎ አንድ የጎማ ድርጅት ውስጥ የያዘው የሒሳብ ሥራም ጠፋ።

እንግዲህ ሥራ አጥ፣ ባለትዳር፣ ዓይኑ አንድ፣ ዕድሜው ሃያ ስምንት። በ1938 ስድስት መቶ ዶላር ተበድሮ ፉለርተን ውስጥ ሬዲዮ ጥገና ቤት ከፈተ። ሾላ ገበያ አካባቢ፣ ጠባብ በር፣ ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች ያሉበት የጥገና ሱቅ ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ አስቡት።

እዚያች ሱቅ ሙዚቀኞች መመላለስ ጀመሩ። አምፕሊፋየራቸው ተቃጥሎ፣ ማይካቸው ጮሆ፣ ጊታራቸው ላይ የገጠሙት ፒክአፕ ድምፅ እምቢ ብሎ። ሊዮ የተበላሸውን ሁሉ ሲጠግን አንድ ነገር አስተዋለ፦ ዕቃዎቹ የሚሰበሩት ሁልጊዜ አንድ አይነት ቦታ ላይ ነው። ሽቦው ጠባብ ቦታ ይገባና ይበጠሳል። ብሎኑ ይላላል። ለመክፈት ግማሹን ዕቃ ማፍረስ ያስፈልጋል። የሰውዬው ጭንቅላት ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። የፋብሪካ ባለቤት ከሆነ በኋላም ዕቃን የሚያየው እንደ ጠጋኝ ነበር፤ ይሄ ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል፣ በምን ይከፍተዋል እያለ።

ዶክ ካውፍማን ከሚባል ሙዚቀኛና ፈልሳፊ ጋር ሆኖ በጦርነቱ መጨረሻ አካባቢ ጭን ላይ ተጋድመው የሚመቱ የሃዋይ ጊታሮችንና አምፕሊፋየሮችን መሥራት ጀመሩ። ካውፍማን ግን ዕዳውን ፈራ፤ በ1946 ወጣ። ሊዮ ብቻውን ቀጠለና የፌንደር ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ድርጅት ተመሠረተ።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን የነበረው ኤሌክትሪክ ጊታር በአብዛኛው ሆዱ ክፍት የሆነ ቦክስ ጊታር ላይ ፒክአፕ የተለጠፈበት ነው። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ላይ በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር ከላዩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላዋል። ግን አምፑ ድምፁን ሲያበዛ ባዶው ሆድ ራሱ አብሮ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይመጣል። ዳንስ ቤት ከበሮና ትንፋሽ መሣሪያ መሐል ለቆመ ጊታሪስት ይሄ ሞት ነው፤ ድምፁን ከቀነሰ አይሰማም፣ ከጨመረ ይጮህበታል።

መፍትሔው ሆዱን መድፈን ነው። ሊዮ የመጀመሪያው አልነበረም። ሌስ ፖልም፣ ፖል ቢግስቢም፣ ሪከንባከርም ቀድመው ሞክረዋል። ሊዮ ያደረገው ማንኛውም ሠራተኛ በማሽን ቆርጦ፣ በብሎን ገጥሞ፣ በብዛት ሊያወጣው የሚችል ጊታር ማሰብ ነው። ገላው ድፍን ጣውላ። አንገቱ አንድ ወጥ የሜፕል እንጨት፤ በሙጫ አልተጣበቀም፣ በአራት ብሎን ነው የታሰረው። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹና ማብሪያው አንዲት የብረት ሳህን ላይ ተሰክተው በሁለት ብሎን ይወጣሉ።

በ1950 ለነጋዴዎች ሲያሳየው ሳቁበት። የጀልባ መቅዘፊያ፣ የበረዶ አካፋ የሚል ስም ወጣለት። የጊታር አሠሪ ሽማግሌዎች አንገትን በብሎን ማሰር ነውር ነው ብለው ያምኑ ነበር። አንገት በጥንቃቄ ተፈልፍሎ፣ በሙጫ ተጣብቆ፣ ዕድሜ ልክ የሚኖር ነገር ነዋ! ሊዮ ግን ፍሬት እንደሚያልቅ ያውቃል። የመኪና ጎማ ሲያልቅ መኪናው አይጣልም፤ ጎማው ይቀየራል። ለሱ አንገትም እንደዚያ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ምክንያቱም መገናኛ ቆመን ሳለ አጠገባችን የነበረ አንድ ልጅ ጊታሩን ገልብጦ የአንገቱን አራት ብሎኖች አይቶ፣ ይሄማ ተገጣጣሚ ነው፣ ርካሽ ነው ብሎ ፈረደ። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ውሸት ነው። ብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡት ፌንደሮችም አንገታቸው በብሎን ነው የታሰረው። መታየት ያለበት ብሎኑ መኖሩ ሳይሆን አንገቱ የተቀመጠበት ጉድጓድ ጥብቅ መሆኑ ነው። አንገቱን ይዛችሁ ወደ ጎን ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከተንቀሳቀሰ ወይ ብሎኑ ላልቷል፣ ይሄ ቀላል ነው፤ ወይ ደግሞ ጉድጓዱ ሰፍቷል፣ ይሄ ቀላል አይደለም።

ሊዮ ራሱ አልተሳሳተም እንዳትሉ። የመጀመሪያዎቹ ጊታሮች አንገት ውስጥ የሚያስተካክል የብረት ዘንግ አልነበረም። ሜፕል ጠንካራ እንጨት ስለሆነ አያስፈልገውም ብሎ ድርቅ አለ። ክር ግን ቀልድ አይደለም፤ ስድስት የብረት ክር ተወጥሮ ቀን ከሌት ሲጎትተው አንገት ይጎብጣል። ጎበጠ። ነጋዴዎቹ ጮኹ፣ ሊዮ ተሸነፈ፣ ዘንጉ ገባ። ስለዚህ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ይሄ ነው፦ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ከጭንቅላቱ በኩል አንገቱን ተከትሎ ማየት። ትንሽ ወደ ፊት ጎበጥ ማለት ችግር የለውም፣ ዘንጉ በመፍቻ ይመልሰዋል። እንደ ወፍጮ ቤት በር የተጣመመ፣ አንዱ ጎን ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች የዞረ ከሆነ ግን ቦርሳውን ዘግታችሁ ወደ ታክሲያችሁ።

ከስሙ ጋር የተያያዘ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ሁለት ፒክአፕ ያለው ጊታር መጀመሪያ ብሮድካስተር ተባለ። በ1951 መጀመሪያ ግሬች የተባለው ድርጅት በተመሳሳይ ስም ከበሮ እንደሚሸጥ ለፌንደር አሳወቀ። ሊዮ ደግሞ ቆጣቢ ሰው ነው፣ የታተመውን ስቲከር አይጥልም። ሠራተኞቹ ብሮድካስተር የሚለውን በመቀስ ቆርጠው ፌንደር የሚለውን ብቻ እየለጠፉ መሸጥ ቀጠሉ። ለጥቂት ወራት የሞዴል ስም የሌላቸው ጊታሮች ወጡ። በመጨረሻ ጊዜው የቴሌቪዥን ስለነበር ቴሌካስተር ተባለ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከፍተኛ ገንዘብ ከሚያወጡባቸው ጊታሮች መካከል እነዚያ ስማቸው በመቀስ የተቆረጠው ይገኙበታል። ጭንቅላት ላይ ያለ ስቲከር ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ከዚህ ገምቱ።

በዚያው በ1951 ሊዮ ሌላ ነገር አወጣ። ባስ የሚጫወት ሰው ከራሱ የሚረዝም መሣሪያ ተሸክሞ መዞር ነበረበት፤ ያም ሆኖ አይሰማም። ሊዮ እንደ ጊታር የሚታነገት፣ ፍሬት ያለው ቤዝ ጊታር ሠራ፤ ፍሬቱ ድምፁን ልክ ስለሚያደርገው ፕሪሲዥን አለው። የአይቤክስን፣ የዋልያስን፣ የሮሃን ሙዚቃ ስትሰሙ ከሥር እየተሽከረከረ የሚሸከማችሁ ድምፅ ቤዝ ጊታር ነው። የኛን የሰርግ ቤት ያለ ቤዝ ጊታር አስቡት እስኪ። አይታሰብም።

በ1954 ስትራቶካስተር መጣ። ዛሬ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲባል አእምሯችሁ ውስጥ የሚመጣው፣ ሁለት ቀንድ ያለው ያ ነው። መገናኛ ቦርሳው ውስጥ የነበረውም ቅርፁ ይሄው ነው። ይሄንን የሠራው ሊዮ ከነፍሬዲ ታቫሬስ ጋር ሆኖ ነው፤ ግን ግማሹ የሙዚቀኞች ሐሳብ ነው። መጫወት ስለማይችል የሚተማመነው በሚችሉት ነበር። ያልተጠናቀቀ ጊታር ለሙዚቀኛ ይሰጣል፣ ሰውዬው ማታ ዳንስ ቤት ይጫወትበታል፣ ሊዮ መጥቶ ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ መልሶ ይወስድና ይቀይራል። ቴሌካስተሩ ጠርዙ ጎናችንን ይወጋናል አሉት፤ የስትራቶካስተር ጀርባና ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ተሸርሽሮ ተቀረጸ። ሦስት ፒክአፕ፣ ድምፅ የሚያወዛውዝ ዘንግ። ዋጋው ከዘንጉ ጋር 249 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ለቀለም ደግሞ የመኪና ቀለም ተጠቀሙ።

አንዳንዴ ተጠቃሚው ከሠሪው ይበልጣል። የስትራቶካስተር ማብሪያ ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ነበር የሚቆመው። ጊታሪስቶቹ ግን መሐል ላይ ሰንቅረው ሲያቆሙት ሁለት ፒክአፕ አብረው ሠርተው የተለየ ድምፅ እንደሚወጣ ደረሱበት። ፋብሪካው አምስት ቦታ የሚቆም ማብሪያ የገጠመው በ1977 ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ዘግይቶ!

አሁን ወደ ጉዳያችን። በ1956 ሊዮ ለተማሪ የሚሆኑ ሁለት ርካሽ ጊታሮች አወጣ፦ ሙዚክማስተር እና ዱዎሶኒክ። እነዚህን ስታዩ ሰውዬው ዋጋ እንዴት እንደቀነሰ ይገባችኋል። ከሦስት ፒክአፕ ወደ አንድና ሁለት ወረደ። የክሩ ርዝመት ከ25 ኢንች ተኩል ወደ 22 ኢንች ተኩል አጠረ፤ ለትንሽ እጅም ይመቻል። የሚያወዛውዘው ዘንግ ቀረ። ማለትም የቀነሰው በዓይን የሚታየውን ነው። የሚሠሩት ግን እዚያው ፉለርተን ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ተማሪው ምን እንዳልገዛ ያውቃል፤ የገዛው ግን ይሠራል።

መጥፎ ርካሽ ጊታር ተቃራኒው ነው። ከላይ ሁሉ ነገር አለው። ሦስት ፒክአፕ፣ ዘንግ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ትልቅ ስም። የተቀነሰው ውስጥ ነው፦ በደንብ ያልደረቀ እንጨት፣ እኩል ያልተመቱ ፍሬቶች፣ ክሩን የማይዙ መቃኛዎች። ፎቶ ላይ ይሄ አይታይም። ቴሌግራም ላይ ብር አስቀድማችሁ አትላኩ የምላችሁ ለዚህ ነው።

መገናኛ ላይ ምን አደረግን? መጀመሪያ ጓደኛዬ ጣቱን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳለፈ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨት ይኮማተራል፣ የፍሬቱ ብረት ጫፍ ግን ባለበት ይቀራልና እንደ ሚስማር እጅ ይቧጥጣል። ትንሽ ይቧጥጥ ነበር። ይሄ በጥሩ ሞረድ ይስተካከላል።

ከዚያ እያንዳንዱን ክር እያንዳንዱ ፍሬት ላይ እየተጫነ መታ። አሰልቺ ነው፣ ሻጩም ፊቱ ተቀየረ፤ ግን መዝለል የለም። ሁለት ቦታ ላይ ክሩ ዝዝዝ አለ። ቀጥሎ ትዝታን ከታች እስከ ላይ ወጣበት፣ ወረደበት። ይሄ የራሱ ዘዴ ነው፤ ትዝታ ጆሮው ውስጥ ከልጅነቱ ስላለ አንዷ ድምፅ ብትንሻፈፍ ወዲያው ያውቃል። በስልኩ የመቃኛ አፕ ደግሞ ባዶውን ክርና አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የተጫነውን አነጻጸረ። ሁለቱ አንድ አይነት ድምፅ መሆን አለባቸው፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ ብቻ። ትንሽ ልዩነት ብሪጁ ላይ ያሉትን ትናንሽ ብሎኖች በማዞር ይስተካከላል። መጨረሻ ላይ ክሩን በጣቱ ሳብ ሳብ አድርጎ እንደገና ቃኘው። ቅኝቱ ብዙም አልሸሸም። መቃኛዎቹ ደህና ናቸው ማለት ነው።

ችግሩ ድምፁ ነው። መገናኛ መሐል አምፕ የት ይሰካል? የታክሲ ረዳቶቹ ኮተቤና ሲኤምሲ እየጠሩ፣ ባቡሩ እያለፈ፣ ድፍን ጊታር ያለ አምፕ እንኳን መገናኛ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥም በደንብ አይሰማም። ጓደኛዬ ምን አደረገ መሰላችሁ፤ የጊታሩን የላይኛ ቀንድ ጆሮው ላይ ለጥፎ መታው። እንጨቱ ራሱ ያደርስለታል። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ክሩ ረዥም ጊዜ እንደሚዘምር፣ ቶሎ እንደማይሞት ሰማ። ከዚያ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማክያቶ አዘን፣ የተዋስነውን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ ሰካን። ድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር ይንጫጫል፤ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ጃኩ ሲነካካ ይቋረጣል። መሐለኛው ፒክአፕ ጭራሽ ሞቷል።

በቀሪው የሊዮ ታሪክ ልለፍ፤ ከጊታሩ ጋር ግንኙነት አለው።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሊዮ የሳይነስ ሕመም ያሰቃየው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መሞቴ ነው ብሎ አመነ፤ ድርጅቱም ከሱ አቅም በላይ አድጓል። በጥር 1965 ፌንደርን ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። አዎ፣ የቴሌቪዥኑ ሲቢኤስ። ከዚያ ምን ሆነ? ዶክተር ቀየረ፣ አዲሱ ዶክተር አዳነው! ድርጅቱ ግን ሄዷል፤ ለዓመታት እንዳይወዳደርም ፈርሟል።

ሲቢኤስ ፋብሪካውን አሰፋ፣ ምርቱን አበዛ፣ ጥራቱ ግን በ1970ዎቹ እየወረደ ሄደ። አራቱ የአንገት ብሎኖች በስትራቶካስተር ላይ ሦስት ሆኑ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ግን የአንገቱ ጉድጓድ በልኩ ስለማይቆረጥ አንገቱ ይወዛወዝ ጀመር። ያኔ የተገዛ ጊታር ጭንቅላቱ ላይ ትክክለኛ፣ ሕጋዊ፣ አሜሪካዊ የፌንደር ስም አለው። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1969 ዉድስቶክ ላይ ዓለምን ያስደነገጠበት ስትራቶካስተርም በሲቢኤስ ዘመን የተሠራ ነው። ስለዚህ ዘመኑን ሙሉ መርገምም አይቻልም፤ አንድ በአንድ ማየት ነው።

በዚህ መሐል ጃፓኖች የድሮውን ፌንደር ገጣጥመው ገልብጠው መሥራት ጀመሩ፤ ከአሜሪካው የተሻለና የረከሰ ሆነ። ፌንደር ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በ1982 ራሱ ጃፓን ገብቶ ርካሽ ጊታሮችን ስኳየር በሚል ስም ማሠራት ጀመረ። ስኳየር በፊት የክር አምራች ስም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የጃፓን ስኳየሮች በጣም ጥሩ ሆነው ስለተገኙ ዛሬ በውድ ይፈለጋሉ። በ1985 ሠራተኞቹና ሥራ አመራሩ ተሰባስበው ድርጅቱን ከሲቢኤስ በ12 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገዙት። ከሃያ ዓመት በፊት ሲቢኤስ ከከፈለው ያነሰ ገንዘብ ነው።

ሊዮ ደግሞ ቤት አልተቀመጠም። ሚዩዚክ ማን በተባለ ድርጅት ሌላ ዝነኛ ቤዝ ጊታር አወጣ። ባለቤቱ ኤስተር በ1979 አረፈች። ቀጥሎ ከድሮ የሥራ ባልደረባው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የሚባል አዲስ ድርጅት መሠረተ፤ የጆርጅና የሊዮ ፊደል ነው። በ1980 ፊሊስን አገባ። ፓርኪንሰን እጁን ሲያንቀጠቅጠውም በየቀኑ ወርክሾፑ ይገባ ነበር። ለሞት አንድ ቀን ሲቀረው እንኳን ሥራ ላይ ነበር። መጋቢት 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ አረፈ። በኛ መጋቢት 12 ቀን 1983 ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው። የሥራ ጠረጴዛውን እንዳለ ጠበቁለት።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የኒርቫና አልበም ወጣ። ከርት ኮቤይን በዝነኛው ክሊፕ ላይ የያዘው ሰማያዊ ጊታር ፌንደር ሙስታንግ ነው፤ ሊዮ በ1964 ለተማሪዎች ካወጣቸው ርካሽ ጊታሮች አንዱ።

እሺ፣ የኛ ጊታርስ? ፌንደር አልነበረም። የስቲከሩ ጠርዝ በጥፍር ይነሳል፣ የፊደሉ ቅርፅም ትንሽ ዘመም ያለ ነው፣ መለያ ቁጥርም የለውም። (ቁጥር መኖሩም ማረጋገጫ አይደለም፤ ቁጥርም ይፎረጃል።) አንድ ነገር ልለይላችሁ፦ የስትራቶካስተር ቅርፅ ያለው ጊታር ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። ፌንደር የገላውን ቅርፅ በአሜሪካ እንደ ንግድ ምልክት ለማስመዝገብ ጠይቆ በ2009 ተከልክሏል። ስለዚህ ብዙ ድርጅት በራሱ ስም ያንን ቅርፅ በሕጋዊ መንገድ ይሠራል። ፎርጅድ የሚሆነው የሰው ስም ሲለጠፍበት ነው። የኛው ከነዚያ ስማቸው ከማይታወቅ ደህና ጊታሮች አንዱ ነበር፣ በኋላ የሆነ ሰው ስም የለጠፈበት። ሻጩን አልፈርድበትም፤ ፊቱን ሳየው እሱም የተሸወደ ነው የመሰለኝ።

ጓደኛዬ ሁሉንም በግልጽ ዘረዘረለት። ስሙ የውሸት ነው፣ አንድ ፒክአፕ ሞቷል፣ ጃኩ ይቋረጣል፣ አዲስ ክር ያስፈልገዋል። አንገቱ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ፍሬቱ ገና አላለቀም፣ ይቃኛል። በፌንደር ዋጋ አልገዛም፣ በጊታር ዋጋ ግን እገዛለሁ አለ። አንድ ሰዓት ተከራከሩ፤ ሁለተኛ ማክያቶ ጠጣን። ሻጩ አንዴ ቦርሳውን ዘግቶ ተነስቶ ሄዶ ሁሉ ተመልሷል። ከተጠየቀው ግማሽ ትንሽ በሚበልጥ ተስማሙ፣ ብሯም ከስልክ ወደ ስልክ ሄደች። የተረፈው ለክር፣ ለገመድና ለጥገና ነው፤ ይሄንን አስቀድማችሁ ካልቆጠራችሁ ርካሽ ጊታር ርካሽ አይደለም።

ሰኞ ሾላ አካባቢ ወዳለ አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ወሰድነው። ሰውዬው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ጊታር ከፍተው አያውቁም። ገልበጥ ገለበጥ አደረጉትና አንድ መፍቻ ብቻ አንስተው የፊት ፕላስቲኩን ፈቱት። ኤሌክትሪኩ ሁሉ እዚያው ላይ ተሰብስቦ ተነሳ። የጃኩን ሽቦ በየዱት። የሞተው ፒክአፕ ሽቦው ማብሪያው ጋ ተነቅሎ ነው እንጂ አልሞተም ነበር፤ እሱንም በየዱት። ከዚያ የመፍቻቸውን ጫፍ ፒክአፑ ላይ ነካ ነካ ሲያደርጉ ከትንሿ አምፕ ቷ፣ ቷ የሚል ድምፅ ወጣ።

ስቲከሩ አሁንም አለ። ቢላጥ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል ብሎ ጓደኛዬ ተወው። ሙከራው ሐሙስ ነው።